በረኪናው የቀረበት ጓሮ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? በአካል መጥቼ ደጅሽ ላይ ቆሜ ብጠይቅሽ ደስ ባለኝ ነበር፤ እግሬ ካልደረሰ ብዕሬ ይድረስ ብዬ ነው። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የትከሻሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ስፌት መኪናው ላይ እንደጎበጥሽ ነው? ባለቤትሽስ ሳሉ ተሻለው? እማዬስ? መነጽሩ ተስማማት ወይስ ሣጥን ውስጥ ከታ «ያለ እሱም አያለሁ» እያለች ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤቶቼ «ምን ነካው?» ሳይሉኝ አልቀሩም። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ዛሬ ወረቀቱ የበዛብሽም ለዚሁ ነው።

እትዬ፣ ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ትራንስፖርት ላይ ነው የምሠራው» ስልሽ ኖሬያለሁ። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ መኪና ላይ ነው የምውለው። መኪናው ግን የቆሻሻ መኪና ነው። እኔ ከኋላው ተንጠልጥዬ በየጓሮው እየወረድኩ ገንዳ የምገለብጥ ጫኝ ነኝ። አንቺ ዓይንሽ እስኪፈዝ ሰፍተሽ ያስተማርሽኝ ልጅ ቆሻሻ ይጭናል ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። ዛሬ እሺ ያለበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ከዚያ ብትቆጪኝም ጀርባዬ ይችለዋል።

በምንዞርበት መስመር አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጓሮው እንደርሳለን። ሾፌሬን «አትቸኩል» እንለዋለን፤ በቀን ውስጥ ከዚህች ቃል ሌላ ከአፉ ሲወጣ ብዙም ስለማይሰማ። ጓሮው ውስጥ ሦስት ትልልቅ ገንዳዎች ነበሩ። የሞላቸው ቆሻሻ ቢሆን ምን አለ! የትናንት ዳቦ፣ አንድ ጎኑ ብቻ የላላ ቲማቲም፣ ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን የቀረው እርጎ፣ ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ፣ ካርቶኑ ስለተቀደደ ብቻ የተጣለ ሩዝ። ሰው እንዳያነሳው ደግሞ በላዩ በረኪና ይፈስበታል። የምታፈሰው የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ናት፣ ሆደ ቡቡ ሴት። ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምታፈሰው። አንድ ቀን «ዓይንሽን ያቃጥልሻል እንዴ?» ብላት «ዓይኔን አይደለም» አለችኝና ጀሪካኑን ከድና ገባች።

የምኖርበት ሕንፃ ከዚያ ጓሮ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። ከእኔ በታች ባለው ወለል ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ ይኖራሉ፤ ሽማግሌው ሕፃኑ ሁሉ «መምህርት» ነው የሚላቸው። ኮታቸው ዘወትር የተተኮሰ ነው። ደረጃ ላይ ሳልላጭ ካገኙኝ «ጢምህ!» ብለው ያልፋሉ፤ እኔም እንደ ተማሪ አገጬን እሸፍናለሁ። ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ አንድ ጠዋት መኪናችን ከሰዓቷ ቀድማ ደረሰች። ገንዳው አጠገብ ኮት የለበሱ ሰው ጎንበስ ብለዋል። እሳቸው ነበሩ። በአንድ እጃቸው የጨርቅ ቦርሳ፣ በሌላው በረኪና ያልነካው ዳቦ ይዘዋል። ሲያዩኝ ዳቦውን መልሰው አስቀመጡና «ጓንቴ ወድቆብኝ ነው» አሉ። ጓንታቸው ሁለቱም እጃቸው ላይ ነበር። እኔም «እንፈልገው» ብዬ ጎንበስ አልኩ። እትዬ፣ ሁለታችን ያልጠፋ ጓንት ስንፈልግ ቆየን። አትቸኩል ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ጠበቀን።

በማግሥቱ በሥራ ልብሴ እንዳለሁ የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገባሁ። በረኪናው ከመፍሰሱ በፊት ደህና ደህናውን ለሰፈሩ ሰው እንዲሰጥ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ሰው ነው። «አንድ ሰው ሆዱን ቢያመው የሚከሰሰው ማን ነው? አንተ ነህ? እኔ እኮ ነኝ!» አለኝ። እኔ ስወጣ ለአለቃዬ ደወለ። አለቃዬም ጠርቶ «የተቀጠርከው ልትጭን ነው ልትመክር? ሁለተኛ ደንበኛ ካስቸገርክ ሰደርያህን አስረክበህ ትሄዳለህ» አለኝ። ያቺ ብጫ ሰደርያ እንጀራዬ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ማለቴ፣ አሁን ነው ያወቅሽው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ልተወው ነበር። ግን ደረጃው ላይ መምህርትን አገኘኋቸውና ስለ ጓንቱ ሳላነሳ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሥራ አስኪያጁን ይረግሙልኛል ብዬ ስጠብቅ «ሰውየው ትክክል ነው» አሉኝ። «ጥያቄ ጠየቀህ፤ እኛ መልስ የለንም። እንግዲያውስ መልስ እንሥራለት» አሉ። «እኛ» ማለታቸውን ልብ በይልኝ! ያቺ ቃል ወኔዬን መለሰችልኝ።

በሕንፃው ምድር ቤት አንድ የተዘጋ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ የተሰበረ ወንበርና ጎማ አልባ ብስክሌት የተከመረበት። የሕንፃውን ኮሚቴ አስፈቅደን ሦስት እሑድ ጠረግነው። ፍሪጅ ከየት ይምጣ? ሰው ከሚጥለው! አራተኛ ወለል ላይ አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ አለ፣ አፉ የማያርፍ ሳቂታ ሰው። ባለቤቶቹን እየጠየቅሁ ከየደጁ አምስት የተጣሉ ፍሪጆች አመጣሁለት፤ ከአምስቱ ሦስቱ ላይ ነፍስ ዘራባቸው። «የሁለቱን ኩላሊት ለሦስቱ ሰጠሁ» ይላል። ሲፈታና ሲገጥም ሳየው ከአባዬ አሮጌ ካፖርት ሁለት ሱሪ ያወጣሽልኝ ቀን ትዝ አለኝ። ያኔ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብዬ አልቅሼብሽ ነበር፤ አሁን እዚህ ሆኜ ይቅር በይኝ እልሻለሁ።

መምህርት ደግሞ ደንቡን ጻፉ። በየፍሪጁ ቴርሞሜትር ተሰቀለ። ምን ገባ፣ መቼ ገባ፣ ቀኑ መቼ ያልቃል፣ ማን አየው፣ ሁሉም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የተጠራጠርነው ነገር ለሰው አይሰጥም፤ አትክልት ከሆነ ጓሮ በቆፈርነው የማዳበሪያ ጉድጓድ ይገባል። ማሰሮና ጠርሙስ ታጥቦ ይመለሳል። ካርቶን ተጣጥፎ ለብቻው ይቀመጣል። የሚያመጣውም የሚወስደውም በአንድ በር ነው፣ ማንም ስሙን አይጠየቅም። ፍሪጅ ጠጋኙ በሩ ላይ «ለችግረኞች» ብሎ ሊጽፍ ሲል መምህርት እጁን ያዙት። «ችግር ያለበት ዳቦው ነው፤ ሊጣል ነው። እኛ ዳቦውን የምናድን ሰዎች ነን» አሉት። እሱም «ዳቦ ማዳኛ» ብሎ ጻፈ። ስሙ እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሰጠን የማዕዘኑ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከዚያ አንዷ ከሠርግ የተረፈ ፍራፍሬ፣ ሌላው ለጉዞ ሲነሳ ፍሪጁን ባዶ አድርጎ ያለውን አመጡልን። ነገሩ ደህና መንገድ ያዘ ስንል አንድ ሰው «ምድር ቤት ቆሻሻ ያከማቻሉ» ብሎ አመለከተብን። የጤና ተቆጣጣሪ መጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰደርያዬን ደጋግሜ እቆልፋለሁ፤ እዚህ ከተዘጋብን ነገሩ አለቃዬ ጆሮ እንደሚገባ አውቃለሁ። ተቆጣጣሪዋ የራሷን ቴርሞሜትር አውጥታ በየፍሪጁ አስገባች። ንባቡ ከእኛው ጋር አንድ ሆነ። መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላበጠች። አንድም ፈገግታ የለም። በመጨረሻ «የወለሉ ማፍሰሻ ክዳን ይፈልጋል፤ እጅ መታጠቢያና ሳሙናም በሩ አጠገብ ይሁን። በሳምንት ውስጥ አስተካክላችሁ ጥሩኝ» አለች። እኛ በሦስት ቀን ጠራናት። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠችን። ፍሪጅ ጠጋኙ ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ሰቀለው፤ የልጁን የምረቃ ፎቶ እንኳ እንደዚያ አልሰቀለም።

አሁን ዋናው መጣ፣ እትዬ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ያቺ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሽርጧን እንደለበሰች እየሮጠች ምድር ቤት ገባች። የሱፐርማርኬቱ ትልቁ ማቀዝቀዣ ክፍል ተበላሽቷል፤ የሚቀየረው ዕቃ ከሰኞ በፊት አይመጣም። ወተት፣ ዶሮ፣ አይብ፣ አትክልት እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ከኋላዋ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደረሰ፤ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተጥሏል። መስታወት ውስጥ ያለውን ማኅተም አየና «ይኼ እውነተኛ ነው?» አለ። መምህርት መነጽራቸውን አድርገው «ስንት ዲግሪ ደርሷል?» ብቻ አሉት።

ፍሪጅ ጠጋኙ ሮጦ ሄዶ አየውና «ይኼ የእኔ በሽተኛ አይደለም፤ ግን በሩን በየደቂቃው አትክፈቱ» አለ። መምህርት ወንበር አስመጥተው የማቀዝቀዣው በር ላይ ተቀመጡ፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ አንዲት ጠርሙስ አልወጣችም። ዶሮና ወተት መጀመሪያ፣ አይብ ቀጥሎ፣ አትክልት መጨረሻ። እኔ በየደረጃው እየወጣሁ በር አንኳኳሁ፤ ሰው በፍሪጁ ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ አበደረን። ከጓሮው እስከ ሕንፃችን ድረስ ሰዎች ቆመው ሣጥኑን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉ፤ ከዚያ በፊት ደረጃ ላይ ሰላም የማይባባሉ ሁሉ። የዕረፍት ቀኑ የነበረው ሾፌሬ የወንድሙን ሚኒባስ ይዞ መጣ፤ ለአረጋውያን መኖሪያውና ለሆስፒታሉ ወጥ ቤት የሚሄደውን ሊጭን። ከመውረዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ። እኔ ሣጥን ይዤ በሳቅ ወደቅሁ።

ሁለት ሣጥን ዓሣ ሞቆ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ «ትንሽ ነው የሞቀው» ሊል ሲሞክር መምህርት ጣታቸውን ወደ ገንዳው ቀሰሩ። ራሱ ተሸክሞ ጣለው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማቀዝቀዣው ባዶ ሆነ። ከዚያ ሁሉ የተጣለው ያ ሁለት ሣጥን ብቻ ነው። ማንም ሆዱን አላመመውም። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ከእኛው ጋር ዳቦና አይብ በላና «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ስፈራ የነበረው እናንተን ነው» አለ። መምህርት «ጥያቄህ ጥሩ ነበር» አሉት፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ማርክ ነው።

ሰኞ ጠዋት በረኪናው ቀረ። ያቺ ሴት ጀሪካኑን ወደ ወለል ማጠቢያው ክፍል ስትወስድ አየኋት፤ ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። አሁን በየቀኑ ደህናው ተለይቶ ምድር ቤት ይመጣል፤ ሦስቱ ገንዳዎችም አንድ ሆነዋል። አለቃዬ ሲጠራኝ ሰደርያዬን ፈትቼ በእጄ ይዤ ነበር የገባሁት። «ምን ሆነህ ነው የምታወልቀው? መልሰህ ልበስ» አለኝ። ሌሎች ሁለት መደብሮች እንዲሁ ይደረግልን ብለው ጠይቀውታል። በሳምንት ሁለት ቀን ትንሿን መኪና ለእኔና ለአትቸኩል ሰጠን፤ ልንጥል ሳይሆን ልናደርስ። ከማዶ ያሉት ሕንፃዎችም መጥተው የመምህርትን ደንብ ገልብጠው ወስደዋል።

መምህርት በየጠዋቱ በዚያች የጨርቅ ቦርሳ ዳቦ ይወስዳሉ፤ በላላ ቲማቲም የሠሩትን ድልህ ደግሞ በታጠበ ጠርሙስ ያስቀምጣሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚገቡት። እኔን አሁንም «ጢምህ!» ይሉኛል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጓሮው ደርሰን ክዳኑን ስከፍት ገንዳው ውስጥ የወለል ጥራጊ ብቻ አገኘሁ። የሚገለበጥ ነገር የለም። ለአትቸኩል «ባዶ ነው!» ብዬ ጮህኩለት። ወርዶ ራሱ አየ፣ ተመልሶ ገባ፣ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ አለ፤ እኔም ከመኪናው ኋላ ተንጠልጥዬ እንደ ሹም እጄን እያነሳሁ አለፍኩ።

እትዬ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ለሚጠይቅሽ ሁሉ ሳትሸፋፍኚ ንገሪልኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሲጋራውን ካላቆመ ሳሉን አላዝንለትም በይው። ትልቋን እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ፤ ኬሚስትሪ ከበደኝ ካለች ጥያቄዋን ትላክ፣ አስተማሪ አግኝቼላታለሁ። መንትዮቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ዛሬም በፎቶ ስለማልለይ ሁለቱንም እኩል ሳሚ። ለጎረቤታችን ለባለ ዳቦ ቤቷ ሰላም በይልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። መነጽሯን አድርገሽላት አስቀምጫትና ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ስትጨርሺም፣ ዘንድሮ ልጅሽ ከጣለው ያነሳው ይበልጣል በያት።

ወንድምሽ

ከሦስተኛው ወለል፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን