ሎሚ የነካው ኒሻን

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ኒሻኑን በነጠላዬ ጫፍ ልወለውለው ስል ሰውዬው እጄን ያዘኝ። «እንዳትነኪው እህቴ፣ ዋጋው ጥቁረቱ ነው።»

ከአዲስ አበባ የመጣ የድሮ ሳንቲምና ኒሻን ገዢ ነው። ታላቅ ወንድሜ አንተነህ ነው እዚህ ማርቆስ፣ ስፌት ቤቴ ድረስ ያመጣብኝ። መጀመሪያ የእናታችንን ጠገራ ብሮች በአጉሊ መነጽር አገላበጠና ገፋ አደረጋቸው። ለየበዓሉ በሎሚና በአመድ ታሽተው መልካቸው አልቋል፣ ከብሩ ሚዛን በላይ አያወጡም አለ። የአያታችንን የአርበኝነት ኒሻን ሲያይ ግን ዓይኑ በራ። የበሬ ዋጋ ጠራ። ቅዳሜ ብሩን ይዞ ይመጣል።

አንተነህ በሬው ሞቶበታል፤ ወዲያው እሺ አለ። እኔን ማን ጠይቆኝ! ሴት ኒሻን አትወርስም መሰለው። ይባስ ብሎ እስከ ቅዳሜ አደራ ብሎ እኔው ጋ አስቀምጦት ወደ አምበር፣ ወደ እርሻው ሄደ። ሞኝ።

ሐሙስ

ስፌቱ ሁሉ ሲበላሽብኝ ዋለ። አባቴ ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር ኒሻኑን አሽቶ፣ ደረቱ ላይ ሰክቶ ይሰለፍ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ አንተነህ ሳጥን ውስጥ ጣለው፤ ጠቆረ። እንግዲህ ሰውዬው የሚከፍለን ለረሳንበት ዘመን ነው። አይ እቴ!

ያለ በሬ ገበሬነት እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም አይሸጥም።

ሎሚ፦ አለ። አመድ፦ ሞልቷል። ወኔ፦ ነገ።

ዓርብ

አሸሁት። ጥቁሩ ውሃ በጣቶቼ መሃል ወረደ። የወንድሜን በሬ እያጠብኩ እንደሆነ አልጠፋኝም። የተቀረጸበት ጽሑፍ ወጣ፤ ልክ አባቴ ያበራው እንደነበረው።

ቅዳሜ

ሰውዬው ጨርቁን ገለጠና መነጽሩን እንኳ ሳያወጣ መልሶ ሸፈነው። አሁን ከጠገራዎቹ አይሻልም አለ። ረስቼ ለበዓሉ አሸሁት ብል ማንም ያምነኝ ነበር። ግን ለምን ብዬ?

«አውቄ ነው ያሸሁት» አልኩ።

ሰውዬው ሄደ። አንተነህ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «በሬዬን አረድሽብኝ» አለኝ። የእኔን ድርሻ ጨምረህ ጠገራዎቹን ውሰድ፣ ለበሬው መነሻ ይሁንህ ብዬ ብሰጠው ጥሏቸው ወጣ። አለቀስኩ። አልተጸጸትኩም ግን።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ቀሚሴ ላይ ሰክቼው ወጣሁ። ሰልፉ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «ሴት ደረት ላይ ምን ይሠራል» በሚል ዓይን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። የአያቴ ነው አልኳቸው፣ ሳይጠይቁኝ።

አንተነህ ይቀራል ብዬ ነበር። የአባታችንን ኮት ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ መጣና አጠገቤ ቆመ። ኒሻኑን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና «ጠርዙ ላይ ጥቁር ቀርቶብሻል» አለኝ። ፈትቼ ሰጠሁት። በጋቢው ጫፍ ወልውሎ መልሶ በእኔው እጅ ላይ አኖረው።

ማታ ወደ አምበር ሲመለስ ጠገራዎቹን ኪሱ ከተተ። የበሬ ዋጋ ይወጣቸው እንደሆነ እንጃ።