ጊንጥ ሆኖ የተመዘገበው ዝንብ

ከሽንፋ ወንዝ ማዶ በእርሻዎቹ መሃል ላለችው ክሊኒካችን ኃላፊ፣ ለተከበሩ አቶ ደምለው

ጋሽ ደምለው፣ እንደምን ሰነበቱ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል፣ ቬንትሌተሩ አሁንም ወደ እርስዎ ብቻ ይዞራል? አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ በተለይ ጤናውን፣ በእኛ ክሊኒክ ከመታከም እንዲያድንዎት።

በቅድሚያ በታላቅ ጸጸት የምናዘዘው፣ ከመሳቢያዎ ቴምር ሲጎድል አይጥ ናት ማለቴን ነው። አይጧ እኔ ነኝ። ቀላሉ ይኸው ነበር።

፩. ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ስላስቀመጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ንብ፣ ጊንጥ፣ የአሸዋ ዝንብ፣ ሁሉም የየራሱ ኮድ እንዳለው ቁጭ እንኳ ሳይሉ አስተምረውኝ ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

፪. የእርሻው ወኪል ጊንጥ ለነደፈው እንጂ ዝንብ ለነከሰው ዕረፍት ስለማይሰጥ፣ ለአረም የመጡት የቀን ሠራተኞች ምን ነካችሁ ሲባሉ ሁሉም ጊንጥ ይላሉ። እኔም እየሳቅሁ የላይኛውን የጊንጥ ኮድ ወደ ታች እገለብጥ ነበር። እርስዎም ያንን የጊንጥ መዓት በወቅቱ ሪፖርት በማድረግዎ ተመሰገኑ፤ ቦት ጫማም ተላከልን። ዝንብ ቦት ጫማ እንደሚፈራ አላውቅም ነበር።

፫. ከጋይንት የመጣው ማዕረግ ግራር ሥር ሲያድር የአሸዋ ዝንብ እንደበላው ነግሮኝ፣ ጊንጥ በይልኝ ብሎ ለምኖኝ፣ ጊንጥ አልኩለት። ዛሬ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ አግዳሚው ላይ ተኝቷል። ነርሷ ጥሩአየሁ ይህ የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው ካላዛር ሳይሆን አይቀርም፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ይመርመር ብላ ሪፈር ጻፈች። እርስዎ ግን ካርዱ ጊንጥ ስለሚል፣ የተላከ ሪፖርትም ስለማይታረም አልፈርምም አሉ። ሰው ቢያልቅ እንኳ ሪፖርቱ እንዳይነካ ያለዎት ጽናት ያስደንቃል።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ውሃ ሳቀብለው፣ ያቺን ዕረፍት ያገኘሁት በአንቺ ነው እያለ ይመርቀኛል። ምርቃቱ ከእርግማን ከበደኝ። እኔን እንዳሻዎ ይቅጡኝ፤ እሱን ግን የገንዳ ውሃው መኪና ሳይሄድ ይላኩልኝ።

በቴምርዎ የወፈርኩ፣ በኮድዎ የከሳሁ ታዛዥ ልጅዎ፣
ሩፊዳ ኸሊል

ማሳሰቢያ፦ ይህችን የምጨምረው ደብዳቤውን ክሊኒኩ በር ላይ ከለጠፍኩ በኋላ፣ ቆሜ ነው። ሪፈሩንም ከጎኑ ሰክቼዋለሁ። የፊርማው ቦታ ባዶነት ከመንገድ ማዶ ይታያል፤ እርስዎን የመሰለ ታዋቂ ሰው ስሙ ብቻውን መቆሙ ለዓይን ደስ አይልም። አሁን ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ የእርስዎን ይመስላል።

«ሩፊዳ፣ እስክሪብቶውን ወዲህ በይ።»