የጃኬቱ ጀርባ

ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር አለፈ። ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ቤታችን ደህና ነው። በስፌት መኪናህ ወንድምህ ይሠራበታል። ቴፑን ጨርቅ አልብሼዋለሁ፤ እኔም ጥቁሬን አላወለቅሁም።

ያ ዘፋኝህ ማርቆስ መጣልህ! ስንት ዓመት በካሴት ብቻ የሰማነው። የከተማው ጎረምሳ ጸጉሩን እንደሱ አሳድጎ፣ አረማመዱን እንደሱ አድርጎ፣ የካሴቱን ሽፋን ይዞ እንደሱ ያለ ጃኬት ስፋልኝ እያለ ደጃችንን ሲያጨናንቅ ትዝ ይልሃል? የደብረ ኤልያስ ሙሽሮች ሳይቀሩ ያንኑ አሰፉ። ፎቶው ግን ከፊት የተነሣ ነው። የጀርባውን ነገር ስታብሰለስል ሰንብተህ ከራስህ ፈጠርክ፤ ወገቡ ላይ አጭር ቀበቶ፣ ሁለት ቁልፍ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ጀርባውን በዓይኔ ባየሁ እንዳልክ ኖርክ። እኔም ሚስትህን እንዲህ ብትመኝ እያልኩ እቀልድብህ ነበር።

ስለዚህ ልይልህ ብዬ ሄድኩ። ዓመትህ ሳይሞላ፣ በጥቁር ልብሴ፣ በጠራራ ፀሐይ ስታዲየም ገባሁ። ሰው ዞር እያለ ሲያየኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ዘፋኙ ያንኑ ጃኬት ለብሶ ወጣ። ሲዘፍን ቆይቶ ዞረ። ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ምንም የለበትም!

ክው አልኩ። ለካ ስትሳሳት ኖረሃል አልኩ። ከዚያ ከፊቴ የሚጨፍረውን ሕዝብ አየሁ። የብዙው ጀርባ ቀበቶና ሁለት ቁልፍ አለው። ታዲያ እነዚህ ልጆች የመሰሉት ማንን ነው? ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ሳቄን ያየ ሰው ለእህትህ ነገራት። የወንድሜን ሐዘን አፍርሳ ዘፈን ቤት ዋለች ብላ አኩርፋለች፤ ለሙት ዓመትህም አብሬያት አልደግስም ብላለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እህቴ ያልኳት እሷን ነው፤ እሷን ማጣት አልችልም። የነፍስ አባታችን ስገጂ አሉኝ፤ ሰገድኩ፤ ግን ለየትኛው ጥፋቴ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ዘፋኙን ልይ ብዬ ሄጄ ያየሁት አንተን ነው። ይሄን ምን ብዬ ላስረዳት?

ነገ ቤቷ ሄጄ እንዲሁ እንደጻፍኩት እነግራታለሁ፤ ባታምነኝም። አንተን ግን አልረሳህም። ብፈልግስ በየት በኩል? ገበያ በወጣሁ ቁጥር ከፊቴ የሚሄደው ጎረምሳ አንተን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል።

ያንተው የሺ