እናትሽ ስለ እኔ ያልተናገረችው

ለጡት እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልጄም አምስት ወር ሞላው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ነው የዘገየሁብሽ።

እናትሽ በሳንባ ምች መሞቷን ነግረውሻል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም።

በክረምቱ ተቅማጥ ገባና እሷ ካዋለደቻቸው ሕፃናት ሦስቱ በአንድ ሳምንት ሞቱ። የሦስተኛው እናት፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እትብቱን ስትቆርጥ የሆነ ነገር ብላበታለች አለች። ሐዘን ነው ያናገራት፤ አልፈርድባትም። ወሬው ግን እሑድ እስኪደርስ "ጠንቋይ ናት" ሆኖ አረፈው። ባለቤቴን ታውቂዋለሽ፤ ስብከቱ ቢያስፈራም ክፉ ሰው አይደለም። ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ ድምፁ ከፍ ይላል።

በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሽማግሌዎቹ ፊት አቆሟት። ወንበር እንኳ የሰጣት የለም። ልጆቹን የፈጀው የጉድጓዱ ውሃ ነው፣ አፍልታችሁ አጠጡ ብዬ ለምኜ ነበር አለች። በጓሮ በሯ የሚመጡት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ጠየቋት። "የሴት ምስጢር ሆዴ ከገባ አይወጣም፤ ብትገድሉኝም" አለች። እኔም ወንድምሽ አገር ጥሎ ከሄደ በኋላ፣ ፀንሼ ሁለት ወር ሲሞላኝ፣ በዚያ በር ገብቼ ሁሉንም ነግሬያት ነበር።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረና፣ አጥብታ ያሳደገችሽ ናት፣ የምታውቂው ካለ ተናገሪ አለኝ። ሰው ሁሉ ያየኝ የነበረው ሆዴን መሰለኝ። "ስታነበንብ ሰምቻለሁ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አዳራሹ ተንጫጫ። ያነበነበችው እኮ ሆዴን በሁለት እጇ ይዛ "በሰላም ገላግላት" እያለች ነበር። ያንን አልጨመርኩም። እሷም አየችኝና አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ወዲያ የሚሸጥላት ጠፋ፤ መስኮቷን ሰበሩት። ከከተማው ዳር ባለው በተተወው የሸክላ ፋብሪካ መጋዘን ገባች። ጣሪያው ያፈሳል።

ምጥ ሲይዘኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልገላገል ቀረሁ። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ሐኪም ቤት መድረስ አልተቻለም። ባለቤቴ ራሱ ሄዶ ደጇ ላይ ተንበርክኮ ለመናት። በዝናብ በስብሳ፣ እየሳለች መጣች። አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ "ግፊ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ" ብቻ። ልጁን ካጠበችው በኋላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ሄደች፣ ብዙ አየችው፣ ሳቀች፣ ግንባሩን ሳመችው። ባለቤቴ እዚሁ ሁኚ ቢላት፣ ቤቴ ይሻለኛል ብላ በዝናቡ ተመለሰች። በስምንተኛው ቀን ሞተች።

የቀበርናት አራት ሰዎች ነን። ባለቤቴ ሬሳዋን ከፊት ተሸክሟል። ከዚያ ወዲህ ስብከቱ ያጥራል፤ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም።

ልጄ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ብቻ ይሰረጉዳል። ባለቤቴ፣ ይሄን ደግሞ ከማን ወረሰው እያለ ይስመዋል፤ እኔ ጡት ልስጠው ብዬ እቀበለዋለሁ። ወንድምሽ ካለበት አገር ከጻፈልሽ ደህንነቱን ብቻ ንገሪኝ። ፎቶግራፉን ግን አደራሽን፣ እዚህ ቤት እንዳትልኪ።

ማሪኝ ለማለት አፍ የለኝም። እግዚአብሔር አንቺን ያጽናሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ የእሷንም ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።

ከአንድ ጡት የጠባሁት እህትሽ