አንድ ልጅ አለኝ ያልኩ ዕለት

የካቲት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

የልጄን የትዕግሥትን ሞት የነገሩኝ ከገበያ ስመለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳላለቅስ የዋልኩት ዛሬ ነው።

ትዕግሥት በሕይወት ሳለች የአዊ እናቶችን እየዞረች ጠይቃ የጻፈችው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ዛሬ አንዲት ተማሪ እሱኑ ይዛ መጣች። አዲስ ሰው ሳትጠይቅ፣ ከዚያው ተነሥታ የራሷን ጥናት ልትሠራ ነው። የአገውኛውን ቃል እንድፈታላት ፈለገች።

«ስም የለውም፣ እማማ፤ ሁሉም በቁጥር ነው» አለችና አንዱን እየሳቀች አነበበችልኝ። «‹ስንት ልጅ አለሽ?› ስትባል፣ ‹እያወቅሽ ትጠይቂኛለሽ? አንድ! እሷም በጥያቄ ታደርቀኛለች› ትላለች።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። ትዕግሥት መጠየቅ የጀመረችው በእኔ ነበር።

ልጅቱ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ እማማ… ‹አንድ› የሚለውን ላስተካክለው?»

«አንድ ፊደል እንዳትነኪ! ያን ቀን እውነት ነበር። የሰው ቃል እንደተነገረበት ቀን ነው የሚነበብ።»

ነገ ጠዋት ትመጣለች፤ ከመጀመሪያው ገጽ እንነሣለን። የልጄ ልፋት ሜዳ ላይ አይቀርም። ይህ ጽሑፌ ምናልባት እጁ የገባ ሰው ቢኖር፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነውና፣ በጸሎቱ ያስብልኝ።