ታጠረ እንጂ አጠረ አላልኩም

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬም በአስፋልቱ ተራመድን። ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባውን ሚስቴ አስቴር ጆሮ ላይ ይነፋል። ሐኪሙ ለስኳርሽ በየቀኑ ተራመጂ ብሏታል፤ የት እንደሆነ ግን አልነገራትም። አቶ ደሳለኝ የተባለው የሎጅ ባለቤት የሐይቁን ዳር በቆርቆሮ ከዘጋው ወዲህ ሚስቴ እዚያ ያለው ዋርካ ሥር አላረፈችም። ለጋዜጣ የላክኩት ጽሑፍ ነገ ይወጣል። ርእሱ «የሐይቅ ዳር መንገዳችን ታጠረ»። ግልጽ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ማስታወሻዬ፣ ጉዴን ስማ። «ታጠረ» ያልኩት «አጠረ» ሆኖ ወጣ! የከተማችን ፒያሳ ሻይ ቤት ገና ከመግባቴ፣ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎ! መንገዱን አሳጠሩልን አሉ» ተባልኩ። ሌላው ተቀብሎ፣ መናኸሪያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይቀንሳል ይለኛል። ከርእሱ በታች ማንም አላነበበም። ደግ አገር።

ለጋዜጣው አዘጋጅ አዲስ አበባ ደወልኩ። «መንገድ ይታጠራል እንዴ ጋሼ? የሚታጠረው ግቢ ነው። ግድፈት መስሎኝ አረምኩት» አለኝ። አንተ ሰው፣ እኔስ የጮህኩት ስለዚሁ አይደል! እርማቱ ቅዳሜ በፊት ገጽ ይውጣ አልኩት። ካልወጣ ሌላ ጋዜጣ እፈልጋለሁ። የእነሱ ደመወዝተኛ አይደለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ልጄ ሰላም አመሻሽ ላይ መጣች። እጮኛዋ ናትናኤል እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ደስ አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ ማን ነው ብል እናቷን አየች። አስቴር ሻይ ልትቀዳ ተነሳች። ለካ የልጁ አጎት ነው፤ አቶ ደሳለኝ! እናትና ልጅ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ።

«አባዬ፣ እርማቱ አንድ ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል?» አለች። እንቢ አልኩ። አስቴር ደግሞ፣ ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው፣ በአስፋልቱም እራመዳለሁ አለችኝ። ይህ ነው ያናደደኝ። ለእሷ ብቻ መስሏታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ራሴን ላቀዝቅዝ ብዬ ጀልባ ተከራየሁ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ይብራው ሁሉ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ደስ ሊለኝ ሲል ቆርቆሮውን አየሁት። ውሃው ውስጥ ገብቷል! ቀዛፊው፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ዓሣውም የሚያልፈው በፈቃድ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እንደተመለስኩ ለአዘጋጁ ደውዬ፣ ይህንንም ጨምርበት አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ወጣ። «ታጠረ»። በፊት ገጽ። ቤቱ ግን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሰላም ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ ብላ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኔንም ምግብ አልወርድ አለኝ። ይህን ላንተ እንጂ ለማንም አልነግርም።

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከሰዓት 11

መጡ። ግን ሁለት ናቸው። እንደ ደንቡ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሦስተኛውስ? መኪና ውስጥ ነው አሉኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ወጣሁ። አቶ ደሳለኝ መስኮቱን አወረደ። ጋዜጣው ጭኑ ላይ ነው። የጻፉትን ያንሱና እገባለሁ አለኝ። ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት ወይስ እርማት? ብዬ መለስኩለት። መስኮቱን መልሶ ዘጋው። ሰላም ከመጋረጃው ጀርባ እንደምታየኝ አውቃለሁ።

ተመልሼ ገባሁ። ሁለቱን፣ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፣ ተቀመጡ አልኳቸው። ተያዩ። ውጭ ላለው ሳይነግሩ ይቀመጡ እንደሆነ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ታላቁ ሽማግሌ ወንበር ሳብ አደረጉ። አስቴር እልል አለች። እስከ መኪናው ድረስ ይሰማል።

ጥር ላይ ይደገሳል። አቶ ደሳለኝ ይጠራል፤ በክብር ይቀመጣል፤ ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን። ነገ ጠዋት ግን ስለ አጥሩ አቤቱታዬን ይዤ ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ። አስቴር ብቻህን አትሄድም ብላለች። ሰላም እስካሁን አላናገረችኝም። ኮቴን እየተኮሰች ነው፤ የነገውን ኮት። አሁን ጠራችኝ፤ ምን ልትለኝ ይሆን? ልሂድ።