ገጽ አርባ አንድ

ግንቦት 11

ዛሬም መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ቁጭ። የኮሌጁ ላብራቶሪ ይበርዳል፤ ጋቢ ደርቤ ነው የዋልኩት። ደባርቅ እንዲህ ናት፣ ግንቦት ምናምን አታውቅም።

መመሪያውን ጨረስኩ! አርባ አንድ ገጽ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ባንኮች የሚሠሩበትን ያንን ግዙፍ ኮምፒዩተር፣ ሜንፍሬሙን፣ እኛ ከየት አምጥተን እንገዛለን? በኢሙሌተር ሠራሁት፤ አንዱ ተራ ሰርቨራችን እንደ ሜንፍሬም እንዲሠራ ማድረግ ነው። ውስጡ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን አለ፤ በሶፍትዌር ብቻ የቆመ ኮምፒዩተር ማለት ነው። እያንዳንዱ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ ሊነገረው ይገባል፤ አለዚያ ተገትሮ ይቀራል። ገጽ አርባ አንድ ስለዚህ ነው። ማሽኑ "ከየትኛው ዲስክ ልነሣ?" ብሎ ከጠየቀ የዲስኮቹ ስም ዝርዝር እንዴት እንደሚወጣ። ከግርጌው፦ አዘጋጅ ጥበብ ኪዳነ ማርያም።

ለሕሩይ ላክሁለት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፣ አንብቦ ያሳትመው። የቴክኒሻንነት ኮንትራቴ ሰኔ 30 ያልቃል። በዚህ ሥራ ቋሚ ካልቀጠሩኝ በምን ሊቀጥሩኝ ነው?

ግንቦት 22

ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ላይ "አዘጋጅ መምህር ሕሩይ" ይላል።

ቆጠርኩት። አርባ ገጽ። የመጨረሻው የለም… ስሜ ስላለበት ገጹን እንዳለ አውጥቶ ጣለው። በፒዲኤፍ ስለላክሁለት ፊደል መንካት አቅቶት ይሆናል። ሰው ሲሰርቅ እንኳ ይሰንፋል?

ግንቦት 23

ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ፣ "ጥበብ፣ አንቺ እኮ ኬብል ነው የሰካሽው" አለኝ። "ሥራው የትምህርት ክፍሉ ነው።"

ወጥቼ ከግቢው ጀርባ አለቀስኩ። ኬብል! ይህችን ቃል ካላስዋጥኩት እኔ ጥበብ አይደለሁም።

ሰኔ 2

ሰኔ 17 ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ማሽኖቹን ፊታቸው የሚያስነሣው ራሱ ሕሩይ ነው። ቋሚ ቦታውንም ለሌላ ሰው አስቦታል ይባላል።

ዋናውን ዲስክ ብደመስሰውስ? አንድ ትእዛዝ ነው። ጽፌው ነበር… ያችን ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። የሃያ ሁለት ተማሪ ሥራ ግን እዚያው ዲስክ ላይ ነው። እነሱ ምን አደረጉኝ? ትእዛዙን አጠፋሁት። ይቅር ብዬው አይደለም።

ሰኔ 8

ዳባት። አባባን ልጠይቅ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ብራና መጻፍ ትተዋል። ብዕሩ ግን ዛሬም ከራስጌያቸው አይጠፋም።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ገጹ መነቀሉን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አዬ ልጄ፣ ስምሽን ከመጨረሻው ቅጠል ላይ ብቻ ጻፍሽው? የመጨረሻ ቅጠልማ ይቀደዳል። እኛ ከጸሎቱ መካከል ነበር የምናገባው፤ 'ለአገልጋይህ ለኪዳነ ማርያም' እያልን። ሊፍቀው የተነሣ ሰው ጸሎቱንም አብሮ ይፍቃል።"

"ታዲያ ልበቀለው ነው የሚሉኝ አባባ?"

"እኔ ስለ ብራና ነው የነገርሁሽ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በመልሱ ሚኒባስ ላይ እስከ ደባርቅ ድረስ ሳስብ መጣሁ።

ሰኔ 15

አደረግሁት።

ሦስቱም ማሽኖች የሚነሡበት የዋናው ዲስክ ስም "ዲስክ አንድ" ነበር። አሁን ጥበብ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እስከ ስምንት ፊደል ይፈቅዳል፣ የእኔ አምስት ነው። ማሽኖቹ ሳይጠይቁ እንዲነሡ የሚያደርገውን ምርጫም አጠፋሁ። ከእንግዲህ ይጠይቃሉ። ስሜን ካልጻፉላቸው ንቅንቅ የለም።

ያበላሸሁት ነገር የለም። ገጽ አርባ አንድን ያነበበ ሰው ዝርዝሩን አውጥቶ በአንድ ደቂቃ ያስነሣቸዋል። እሱ አንብቦታል? ነቀለው እንጂ። ተማሪዎቹ ለፈተና ጥናት ወጥተዋል። ሕሩይ እንደሆነ ቀድሜ ልሞክረው የሚል ሰው አይደለም።

ሰኔ 16

ነጩን ሸሚዜን ተኮስኩ። ሠርግ የተጠራሁ ነው የሚመስለው።

ሰኔ 17

ተራ በተራ ልጻፈው። አንዱም እንዳያመልጠኝ።

ገምጋሚዎቹ አራት ናቸው፤ አለቃቸው ወይዘሮ ፍቅርአዲስ። ዲኑ አቶ እንዳለው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ፣ ከሶኬቱ ጋ። ሕሩይ በሱፍ። ማሽኑን ከፈተው… በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በትልቁ ወጣ፦ "ከየትኛው ዲስክ ልነሣ?"

ዲስክ አንድ ብሎ ጻፈ። እምቢ። ዲስክ ሁለት። እምቢ።

"ኔትወርክ ነው" አለ። ምን ኔትወርክ አለና!

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ገጽ አርባን ጮክ ብለው አነበቡ። "ማሽኑ ዲስክ ከጠየቀ ገጽ 41ን ይመልከቱ።" ቀጣዩን ሲገልጡ ሽፋኑ ነው።

"አቶ ሕሩይ፣ ገጽ አርባ አንድ የት አለ?"

"የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ይሆናል…"

"ግድ የለም። የጻፉት እርስዎ አይደሉ? በቃል ይንገሩና።"

አንገቱ ድረስ አላበው። ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ከግንቦት ወዲህ በቅጡ ሲያየኝ ገና ዛሬ ነው።

"ጥበብ… ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ስሜን።"

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራሁለት። ጻፈ። ማሽኑ ተነሣ። ከዚያ ገጹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ ሰጠኋቸው። ግርጌውን አንብበው ቀና አሉ።

"አንቺ ማን ነሽ?"

"ኬብል የምሰካዋ" አልኩ።

አባባ ጋ ደወልኩ። "ይበለው!" አሉ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ፣ "ንስሐ ግቢ" አሉኝ።

ሰኔ 29

አቶ እንዳለው ሁለት ደብዳቤ ሰጡኝ። አንዱ ቋሚ ቅጥር፤ መመሪያውም በስሜ እንደገና ይታተማል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ፤ ሳላስታውቅ ማሽን ነክቻለሁ።

"እንግዳ ፊት ኮሌጁን አዋርደሻል። ሁለቱንም ፈርሚ።"

ፈረምኩ። ሕሩይ ከኃላፊነቱ ተነሥቷል፣ ማስተማሩን ግን ይቀጥላል።

ሐምሌ 10

የመምህራን ሥልጠና ተጀመረ። አሠልጣኟ እኔ ነኝ፤ ለየመምህሩ አንድ አንድ ማሽን ከፍቻለሁ፣ የዲስኩ ስም ዛሬም ጥበብ ነው። ሕሩይ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ግዴታው ስለሆነ። ቀና ብሎ አያየኝም።

የሁሉም ማሽን ተነሣ። የእሱ ብቻ ቀረ፤ ከስሜ አንድ ፊደል ዘሎ። "እንደገና" አልኩት። ጻፈ፣ ተነሣለት። "አጥፋውና እንደገና።" አጠፋ፣ ጻፈ፣ ተነሣ። "አንዴ ድገመው።"

ሌሎቹ መምህራን ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ጆሮው ቀልቶ፣ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል ጻፈው። እንዴት ደስ አለኝ!

የመጀመሪያው "እንደገና" ይበቃ ነበር።